ልጅዎን የት ያስገባሉ? ለሞንትጎመሪ ካውንቲ እንግዳ ወላጅ



ሰሞኑን ከአገር ቤት የመጣ አንድ ቤተሰብ እኛ ቤት አርፎ ነበር። አባትየው ሻንጣውን ሳይፈታ ሦስት ነገር ጠየቀኝ፤ ሥራ የት እንደሚገኝ፣ ኪራይ ስንት እንደሆነና ሐላል ሥጋ የት እንደሚሸጥ። በአራተኛው ቀን ልጆቹ ቴሌቪዥን ፊት ተደርድረው ሲያያቸው ግን፣ «ለመሆኑ እነዚህን የት ነው የማስገባቸው?» አለኝ። አልፈረድኩበትም። እኔ እ.ኤ.አ. በ2011 ነሐሴ ላይ ቤተሰቤን ይዤ ከደሴ ስመጣ ይህንኑ ጥያቄ የጠየቅኩት በአራተኛው ቀን ሳይሆን በአራተኛው ሳምንት ነበር። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ያረፍነውም ዛሬ ያለነውም ሜሪላንድ ውስጥ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ነው። ካውንቲ ማለት በድሮው አጠራራችን አውራጃ ቢሉት የሚቀርበው አስተዳደር ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ዊተን፣ ታኮማ ፓርክ፣ ጌይዘርስበርግ፣ ጀርመንታውን የሚባሉት የአገራችን ሰው የበዛባቸው ቦታዎች በዚሁ ውስጥ ናቸው። ስለዚህ አካባቢ ትምህርት ቤቶች ያየሁትን፣ ያጠፋሁትንም ጭምር፣ ልጽፍልዎት ተነሥቻለሁ። የትምህርት ሰው አይደለሁም፤ ታክሲ ነጂ ነኝ። ከሦስት ልጆቼ ሁለቱን በዚህ በር አሳልፌአለሁ። አንደኛውን ግን በሩ ላይ አስቀርቼዋለሁ።

ከእሱ ልጀምር። ታላቁ ልጄ ስንመጣ ዕድሜው 18 ዓመት ከጥቂት ወራት ነበር። አገር ቤት የዐሥረኛ ክፍል ፈተና ወስዶ ጥሩ ውጤት አምጥቷል። ከመነሣታችን በፊት «አባባ፣ ካርዴን ከትምህርት ቤት ላውጣው እንዴ?» ሲለኝ፣ «የአበሻ ካርድ እዚያ ማን ያነብልሃል?» ብዬ አስቀረሁት። እዚህ ስንደርስም ያስጠጉን ዘመዶቻችን በቅን ልቡና፣ «እሱ እንኳ አልፎበታል፤ እዚህ አገር 18 የሞላው ሰው ሥራ ነው የሚገባው» አሉኝ። አመንኳቸው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ዋሽንግተን መኪና ማቆሚያ ሥራ ገባ። ገንዘቡም ለቤታችን ኪራይ ዋለ፤ አልሐምዱ ሊላህ ብለንም ተቀበልነው።

ነገሩ ሐሰት እንደሆነ ያወቅኩት ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ ነው፤ አንድ ታክሲዬ ላይ የተሳፈረች አስተማሪ በጨዋታ መሃል ነገረችኝ። በሜሪላንድ ሕግ ከ5 ዓመት ጀምሮ 21 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ማንኛውም ነዋሪ በሕዝብ ትምህርት ቤት በነጻ የመማር መብት አለው። እስከ 18 ዓመት ግዴታ ነው፤ ከዚያ እስከ 21 ደግሞ መብት ነው። ቤቴ ገብቼ የልጄን የልደት ቀን ቆጠርኩ። ሊሞላው አራት ወር ቀርቶት ነበር። ስለዚህ ውድ አንባቢ፣ 18 ወይም 19 ዓመት የሆነው ልጅ ይዘው ከመጡ ማንም «አልፎበታል» ቢልዎት አይስሙ። ከዚህ ጽሑፍ ሌላውን ቢረሱት እንኳ ይህችን ይያዙልኝ።

አሁን ወደ ምዝገባው። የካውንቲው የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ከሁለት መቶ በላይ ናቸው፤ በሜሪላንድ ካሉት የትምህርት አስተዳደሮች ሁሉ ትልቁ ይኸው ነው። ልጅዎ የሚገባበትን ትምህርት ቤት የሚወስነው የእርስዎ ምርጫ ሳይሆን የቤትዎ አድራሻ ነው። አንድ መንገድ ተሻግረው ቢከራዩ ትምህርት ቤቱ ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ የኪራይ ውል ከመፈረምዎ በፊት ያ አድራሻ የትኛው ትምህርት ቤት እንደሚያስገባ ይጠይቁ። ሰው ሁሉ የኩሽናውን ስፋት ነው የሚያየው። ከውጭ አገር የመጡ ልጆች በቀጥታ ወደ ሰፈሩ ትምህርት ቤት ሳይሆን መጀመሪያ ከውጭ ለሚመጡ ተማሪዎች ወደተቋቋመው የካውንቲው መመዝገቢያ ቢሮ ይሄዳሉ። የሚያስፈልገው የልጁ ፓስፖርት ወይም የልደት ማስረጃ፣ የእርስዎ መታወቂያ፣ የክትባት ካርድ፣ ከአገር ቤት የመጣ የትምህርት ማስረጃና በካውንቲው መኖርዎን የሚያሳይ ወረቀት ነው።

ብዙዎቻችን የምንሰናከለው በዚህ በመጨረሻው ነው። አዲስ መጥ ሰው በስሙ ውል የለውም፤ በዘመድ ቤዝመንት ነው ያለው። ለዚህም መንገድ አለው። ያስጠጋዎት ሰው አብረውት እንደሚኖሩ በተዘጋጀው ቅጽ ላይ ኖታሪ ፊት ይፈርማል፤ የራሱን የቤት ማስረጃም ያያይዛል። አንዳንድ አስጠጊ «ነገር ያመጣብኛል» ብሎ ሲፈራ አይቻለሁ። በችግር ምክንያት ከሰው ጋር ተዳብሎ የሚኖር ቤተሰብ ደግሞ በ1987 በወጣው የፌዴራል ሕግ ልጆቹን ወረቀቱ ሳይሟላም ወዲያው የማስገባት መብት አለው። ወደዚያ መዝገብ መግባት እንደ ውርደት የሚቆጥሩ አሉ፤ ልጁ ቤት ከሚውል እርስዎ ትንሽ ቢሸማቀቁ ይሻላል።

ሌላው ፍርሃት የመኖሪያ ፈቃድ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1982 በሰጠው ውሳኔ፣ ልጅ በኢሚግሬሽን ወረቀቱ ምክንያት ከሕዝብ ትምህርት ቤት ሊከለከል አይችልም። ጥገኝነት ጠይቀው መልስ የሚጠብቁም ቢሆኑ ይሂዱ። መስከረም አልፏል ብለውም አይቀመጡ፤ ምዝገባው ዓመቱን ሙሉ ነው። ክትባቱ ካልተሟላ በ20 ቀን ውስጥ የሐኪም ቀጠሮ መያዝዎን የሚያሳይ ማስረጃ ካቀረቡ ልጁ ትምህርቱን እየተከታተለ ይጠብቃል። አምስት ዓመቱን እስከ መስከረም 1 የሚሞላ ሕፃን ሙአለ ሕፃናት ይገባል። ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ቤተሰቦች ለአራት ዓመት ልጅም ነጻ ቦታ አለና ይጠይቁ።

ሁለተኛ ደረጃ ለሚገባው ልጅ ግን የአገር ቤት ማስረጃ ወርቅ ነው። እዚህ ከዘጠነኛ እስከ ዐሥራ ሁለተኛ ያለው ተማሪ የሚቆጠርለት ክሬዲት ነው። ለመመረቅ በዚህ ካውንቲ 22 ክሬዲትና 75 ሰዓት የኅብረተሰብ አገልግሎት ያስፈልጋል። የዘጠነኛና የዐሥረኛ ክፍል ካርዱን ማኅተም አስመትተው ያመጡለት ልጅ ያለፋቸው ትምህርቶች ሊታሰቡለት ይችላሉ። ካርድ የሌለው ከዜሮ ነው የሚጀምረው፤ 17 ዓመት የሆነው ልጅ ከ14 ዓመት ሕፃናት ጋር ይቀመጣል። ለዘመዶችዎ አሁኑኑ ስልክ ይደውሉ። ካርዱ በአንድ ሰው ቦርሳ ይመጣል።

እንግሊዝኛ የማይችል ልጅ ተፈትኖ ተጨማሪ የቋንቋ ትምህርት ይሰጠዋል። ይህንን «ደካማ ክፍል» ነው ብለው «ልጄን አውጡልኝ» የሚሉ ወላጆች አሉ። እባክዎ አይቸኩሉ። ልጁ በመንገድ የሚነጋገርበትን እንግሊዝኛ በአንድ ዓመት ይለምዳል፤ የሳይንስ መጽሐፍ አንብቦ የሚጽፍበት ግን ዓመታት ይወስዳል።

አሁን ደግሞ የበለጠ የሚያሳፍረኝን ልንገርዎ። ትንሹ ልጄ አንደኛ ክፍል በገባበት ኅዳር ወር፣ ወላጅና አስተማሪ የሚገናኙበት ቀን ተጠራሁ። እንግሊዝኛዬ ታክሲ ለመንዳት ካልሆነ አይበቃም ነበር። የ13 ዓመት ሴት ልጄን ይዤ ሄድኩ። አስተማሪዋ ረዘም አድርጋ ተናገረች፤ ልጄም ወደ እኔ ዞራ፣ «ጎበዝ ነው፣ ዝምተኛ ነው ብቻ ትላለች» አለችኝ። ደስ ብሎኝ አመስግኜ ወጣሁ። አስተማሪዋ በእርግጥ የተናገረችው ልጁ ከኋላው ሲጠሩት እንደማይዞርና ጆሮው መመርመር እንዳለበት ነበር። ይህን ያወቅኩት በሚያዝያ ወር፣ ትምህርት ቤቱ የጆሮ ምርመራ ካደረገለት በኋላ፣ አንዲት አማርኛ የምትናገር አስተርጓሚ ስልክ ደውላ፣ «አባት፣ ልጅዎ በግራ ጆሮው በደንብ አይሰማም» ስትለኝ ነው። ያን ክረምት በሙሉ «አልሰማ አልከኝ» እያልኩ ስቆነጥጠው የነበረው ያንኑ ጆሮውን ነበር።

ሴት ልጄን ለምን እንደዋሸች ጠየቅኳት። «እንደምትመታው ስለማውቅ» አለችኝ። ሌላ አልጨመረችም። እኔም አልጨመርኩም።

ስለዚህ ልጅዎን አስተርጓሚ አያድርጉት። ትምህርት ቤቱ ወላጁ በሚገባው ቋንቋ የማነጋገር ግዴታ አለበት፤ ይህ ችሮታ ሳይሆን የፌዴራል ሕግ ነው። በሞንትጎመሪ ካውንቲ ደግሞ አማርኛ አስተዳደሩ ማስታወቂያዎቹን ከሚተረጉምባቸው ጥቂት ቋንቋዎች አንዱ ነው። ሲመዘገቡ «በምን ቋንቋ ይነገርዎት?» የሚል ጥያቄ አለ፤ ከይሉኝታ የተነሣ «እንግሊዝኛ» ብለው አይሙሉ። ልዩ ድጋፍ የሚያስፈልገው ልጅ ካለዎት ለስብሰባው አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ በስብሰባው የሚቀርቡት ወረቀቶች ቢያንስ ከአምስት የሥራ ቀን በፊት ሊደርስዎት ይገባል፤ ያልገባዎትን ነገር አይፈርሙ። በአገራችን ልጅን ለሸኹ ወይም ለመምህሩ ስናስረክብ «ሥጋው ላንተ፣ አጥንቱ ለእኔ» እንል ነበር። እዚህ አገር እንዲህ ብሎ ያስረከበ ወላጅ ደንታ ቢስ ተብሎ ነው የሚታየው። ዝምታዎን እንደ አክብሮት የሚቆጥርልዎ የለም።

ሃይማኖታችንን በሚመለከት የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው። ሒጃብ ለብሳ መማር መብቷ ነው። ተማሪው በራሱ የዕረፍት ጊዜ ዝሁርን መስገድ ይችላል፤ ለርእሰ መምህሩ በትሕትና ጽፈው ቦታ ይጠይቁለት። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሌሎች የተማሪ ማኅበሮች ባሉበት የሙስሊም ተማሪዎች ማኅበርም እንዲኖር የ1984 ሕግ ይፈቅዳል። ዒድን በተመለከተ ሙስሊሙ ማኅበረሰብ ለዓመታት ጠይቋል። በ2014 የትምህርት ቦርዱ ለጥያቄው የሰጠው መልስ አስገራሚ ነበር፤ የሁሉንም ሃይማኖቶች በዓላት ስም ከካሌንደሩ አወጣ! ጥያቄው ግን አልቆመም፤ በ2024 ሚያዝያ 10 ዒድ አል-ፊጥር ላይ ትምህርት ቤቶቹ ተዘግተው ዋሉ። ትምህርት ባለበት የበዓል ቀንም ቢሆን አስቀድመው በጽሑፍ ካሳወቁ ልጁ በፈቃድ እንደቀረ ይቆጠርለታል፤ ያመለጠውንም ሥራ እንዲሠራ ይፈቀድለታል።

የመጻሕፍቱንም ጉዳይ ሰምተው ይሆናል። ካውንቲው በ2022 ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ንባብ የተመሳሳይ ጾታ ጥንዶችንና የጾታ ማንነትን የሚመለከቱ ታሪኮችን አስገባ። መጀመሪያ ወላጅ ልጁን ከዚያ ክፍለ ጊዜ ማስወጣት ይችል ነበር፤ በ2023 መጋቢት ያ ፈቃድ ተነሣ። በዚያው ዓመት ሮክቪል በሚገኘው የትምህርት ቦርድ ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ሙስሊሙና የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ወላጅ ጎን ለጎን ቆሞ አይቻለሁ፤ እኛ አገር ቤት ለሰርግና ለለቅሶ እንደምንቆመው ማለት ነው። ሙስሊምና ክርስቲያን ወላጆች የመሠረቱት ክስ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2025 ሰኔ 27 ቀን ስድስት ለሦስት በሆነ ድምፅ ለወላጆቹ ተፈረደ፤ ክርክሩ እልባት እስኪያገኝ ካውንቲው አስቀድሞ እንዲያሳውቃቸውና ልጆቻቸውን እንዲያስወጡ እንዲፈቅድ ታዘዘ። መልካም። ነገር ግን ማሳወቂያው የሚመጣው በደብዳቤ ነው። በልጁ ቦርሳ ሥር ተጣጥፎ የሚቀር ደብዳቤ ለማንም መብት አያስከብርም። እኔ ማታ ማታ ቦርሳ መፈተሽ የጀመርኩት ከጆሮው ጉዳይ በኋላ ነው።

ኢስላማዊ ትምህርት ቤትስ? አለ። ከካውንቲው ወሰን ትንሽ ወጣ ብሎ ኮሌጅ ፓርክ አል-ሁዳ አለ። ወላጅ ልጁን በግል ትምህርት ቤት የማስተማር መብቱም ከ1925 ጀምሮ በጠቅላይ ፍርድ ቤት የጸና ነው። ልጁ ሶላቱን በጀማዓ እየሰገደ፣ ቁርኣኑን እየሐፈዘ፣ ስሙን ሳያሳጥር ያድጋል። ጎረቤቴ ሁለት ሴት ልጆቹን እንዲህ አስተምሮ ፍሬውን አይቷል፤ እቀናበታለሁ ብል ሐሰት አይሆንም። እኛም ሄደን ጠይቀን ነበር። የሁለቱ ልጆች ክፍያ ሲደመር ባለቤቴ በወረቀቱ ጀርባ ላይ ከኪራያችን ጋር አስተያየችውና ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋችው። ሆኖም ሳይጠይቁ አይመለሱ፤ ትምህርት ቤቶቹ ራሳቸው የሚሰጡት ቅናሽ ሊኖር ይችላል፤ ሜሪላንድም ከ2016 ጀምሮ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ቤተሰቦች ለግል ትምህርት ቤት የሚረዳ የክፍያ ድጋፍ አቋቁማለች። ከገንዘቡ ሌላ ሁለት ነገር ይመርምሩ፤ ልጁን ጠዋትና ማታ ማን እንደሚያመላልሰው፣ ልዩ ድጋፍ ለሚፈልግ ልጅም ምን አገልግሎት እንዳለ። ለትንሹ ልጄ የወሰነልን ይኸው ሁለተኛው ነበር።

በቤት ማስተማርም በሕግ የተፈቀደ ነው። ከመጀመርዎ ቢያንስ 15 ቀን በፊት ለካውንቲው ያሳውቃሉ፤ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ ኅብረተሰብ፣ ሥነ ሥዕል፣ ሙዚቃ፣ ጤናና ስፖርት ያስተምራሉ፤ የልጁን ሥራ በዓመት እስከ ሦስት ጊዜ ተመርማሪ ያያል። የተማረች እናት ቤት ስትውል ያማረ ውጤት ያያሉ። ሁለቱም ወላጆች ለሥራ የሚሮጡ ከሆነ ግን፣ ይቅርታዎን፣ ልጅን ቤት መቆለፍ ነው።

አብዛኞቻችን የያዝነው መንገድ ከሰኞ እስከ ዓርብ የሕዝብ ትምህርት ቤት፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ቁርኣን ማስቀራት ነው። ለዚህ መስጊዶቻችን አላህ ይስጥልን። አማርኛውን ግን በስሕተት ለመስጊዱ ጥለናል። ሴት ልጄ ፋቲሓን አሳምራ ትቀራለች፤ ከአያቷ ጋር በስልክ ስትነጋገር ግን ከሰላምታው በኋላ ስልኩን ለእኔ ታቀብለኛለች። ደሴ ያለችው እናቴ «ልጅቷ ኮርታብኛለች» ትላለች። አልኮራችም፤ ቃሉ አልቆባት ነው።

ሁለተኛ ደረጃ ለደረሱ ልጆች ኮሌጅ ብቻ አይታይዎት። ቶማስ ኤዲሰን የሚባለው የካውንቲው የሙያ ትምህርት ቤት ግማሽ ቀን የመኪና ጥገና፣ ግንባታ፣ የውበት ሙያና የመሳሰሉትን በነጻ ያስተምራል፤ የቀረውን ግማሽ ቀን ልጁ በራሱ ትምህርት ቤት ይማራል። ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ደግሞ ሮክቪል፣ ጀርመንታውንና ታኮማ ፓርክ ላይ ቅጥር ግቢ አለው፤ ለአዋቂ እንግሊዝኛና ከ21 ዓመት በላይ ሆኖ ሁለተኛ ደረጃ ላልጨረሰ ሰው የመፈተኛ ትምህርት ይሰጣል። ታላቁ ልጄ በ26 ዓመቱ ማታ ማታ እዚያ ተምሮ ወረቀቱን ያዘ። ዛሬ ከባድ መኪና ይነዳል፤ ቤቱንም አቁሟል፤ አላህ ይጠብቅልኝ። ስለ ትምህርት ቤት ጨዋታ ሲነሣ ግን ከክፍሉ ይወጣል።

ባለፈው ሰኞ ያን እንግዳችንንና ልጆቹን ወደ መመዝገቢያው ቢሮ ይዘን ሄድን። ያደረሰን ታላቁ ልጄ ነው፤ ከመኪናው ይወርዳል ብዬ አልጠበቅኩም ነበር፤ ወረደ። የእንግዳችን የመጀመሪያ ልጅ 19 ዓመቱ ነው። ጸሐፊዋ የልደት ቀኑን አይታ ምንም ሳትል አማርኛ የተጻፈበትን ቅጽ አቀበለችን። አባትየው ቅጹን ሲሞላ ልጁ ማኅተም ያረፈባቸውን ካርዶች ከፖስታው አወጣ። ልጄ እጁን ዘርግቶ ተቀበለውና ገጹን አንድ በአንድ እየገለጠ አየ።

«ፊዚክስ 92 ነው ያገኘኸው?» አለው።